የኅዳር ጭስና የመንግሥት መዝገብ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ በጭስ ትታጠናለች። ልጆች ከየደጃፉ ቆሻሻ እየጠረጉ ይከምራሉ፤ እናቶች እሳት ይለኩሱበታል፤ ከተማዋም በጭስ ተሸፍና ትውላለች። ዕለቱ የኅዳር ሚካኤል በዓል ስለ ሆነ ልማዱን ከበዓሉ ጋር ብቻ የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን የመከራ መታሰቢያ ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ሲለው እኛ «የኅዳር በሽታ» ያልነው ወረርሽኝ ትቶልን የሄደው ቅርስ ይኸው ጭስ ነው።

ጭሱን አቆይተናል፤ ሒሳቡን ግን ዘንግተናል። ሒሳብ ስል፣ መከራው በመጣ ጊዜ ወጪውን ማን ከፈለ፣ የመንግሥት ሀብትስ ወደ ማን እጅ ሄደ የሚለውን ጥያቄ ማለቴ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ አገራችን ሲገባ ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደ ገና ተነሥቶ ነበር። ዛሬ ጭምብሉ ከተጣለና ጭንቀቱ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ነገሩን በሰከነ አእምሮ መመርመር የሚቻል ይመስለኛል።

ጎተራ እንደ በጀት

ከኅዳር በሽታ በፊት ከነበረው መከራ እንነሣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው «ክፉ ቀን» የጀመረው በከብት ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የእርሻ በሬውን ፈጀ፤ በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ ተሳነው፤ ረኀቡን ተከትለው ኮሌራና ፈንጣጣ ሕዝቡን አጠቁ። ምኒልክ የቤተ መንግሥቱን ጎተራ አስከፍተው እህል አደሉ፤ መኳንንቱም በእጅ መሥራትን እንዳይንቁ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ግብር በዓይነት ይገባ በነበረበት በዚያ ዘመን ጎተራው ራሱ በጀት ነበር። በጥጋብ ጊዜ የገባው በችግር ጊዜ ይወጣል። ጉድለቱ ርቀት ነበር፤ እህሉ የሚደርሰው ደጅ ለደረሰ ብቻ ነው። በመንገድ የቀረውን፣ ከሩቅ አውራጃ መነሣት እንኳ ያቃተውን ሰው ጎተራው አያውቀውም።

በ1911 ዓ.ም. ግን የተለየ ሁኔታ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾመው የገንዘቡን ሥራ ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ ሰጥተው ነበር። የአቢሲኒያ ባንክ ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። የምድር ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሷል። አገሪቱ ከወደብ ጋር የሚያገናኝ ፈጣን መንገድ አግኝታ ነበር፤ በዚያው ፍጥነት የሚንቀሳቀስ አስተዳደር ግን አልነበራትም። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪው አድሞ ሚኒስትሮቹን ከሥልጣን አስወርዷልና፣ በሽታው ሲገባ የሚኒስትሮቹ ጉባኤ ከፈረሰ ዓመት እንኳ አልሞላውም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ሊቋቋም ገና 30 ዓመት ያህል ይቀረዋል። ከኬላው ቀረጥና ከአሥራቱ የሚገባው ሀብት ቤተ መንግሥቱንና ሠራዊቱን ለማኖር የታሰበ ነበር። ለድንገተኛ መከራ ተብሎ የተቀመጠ፣ ለማን እንደሚወጣም አስቀድሞ የተጻፈ ገንዘብ አልነበረም።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ለጥቂት ተረፉ፤ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም በአዲስ አበባ ከ10,000 የሚበልጥ ሰው እንደ ሞተ አስፍረዋል። አያቴ ከእናታቸው የሰሙትን ሲያጫውቱን፣ በዚያ ወር የሰፈር ሰው ጠዋት ተነሥቶ የየጎረቤቱን ጣሪያ ይመለከት ነበር ይሉ ነበር። ጭስ ያልወጣበት ቤት ምግብ ያልበሰለበት ቤት ነው፤ ስለዚህ አቅም ያለው ሄዶ በሩን ያንኳኳል። መንግሥት መዝገብ ባልነበረው ጊዜ ጭሱ መዝገብ ሆኖ አገለገለ ማለት ነው።

የበጀት ሥርዓት በሕገ መንግሥት የተጻፈው ከዚያ 12 ዓመት በኋላ ነበር። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በ55ኛው አንቀጹ፣ የመንግሥት ገቢ በየዓመቱ በሚወሰን በጀት መሠረት እንጂ በሌላ መንገድ እንዳይወጣ ደነገገ። ገንዘቡ ከንጉሥ ቸርነት ወደ ሕግ ተሸጋገረ፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ።

የ2012ቱ እርምጃ ማንን አየ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ መንግሥት እንደ 1911ዱ እጁ ባዶ አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ በዚያው ወር ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከለከለ። በሚያዝያ ወር መጨረሻ ደግሞ ከ2007 የበጀት ዓመት በፊት የነበረ የግብር ዕዳ ተሰረዘ፤ ከ2008 እስከ 2011 ባለው ዕዳ ላይ የተቆለለው ወለድና ቅጣት ተነሣ፤ ሥራቸው ቆሞ ደመወዝ መክፈላቸውን ላላቋረጡ ድርጅቶች ከሠራተኛው ደመወዝ ከሚቆረጠው ግብር የ4 ወር ምሕረት ተሰጠ። የዓለም የገንዘብ ድርጅትም በሚያዝያ ወር 411 ሚሊዮን ዶላር የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ፈቀደ።

እነዚህ እርምጃዎች በጎ ነበሩ፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም። ይሁንና አንባቢ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ደግሞ ቢያየው ሁሉንም የሚያስተሳስር አንድ ነገር ያገኛል። የግብር ዕዳው የሚሰረዝለት ግብር ከፋይ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ነው። የባንኩ ገንዘብ የሚደርሰው የባንክ ደንበኛ ለሆነ፣ ያውም ለመበደር መያዣ ላለው ነው። ከሥራ የማይባረረው የቅጥር ውል ያለው ነው። መንግሥት የረዳው የሚያውቀውን ነው፤ የሚያውቀውም በመዝገቡ የሰፈረውን ነው።

የኪራዩና የቅጥሩ ክልከላ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። በበጀት ሰነድ ላይ አንድ ሳንቲም አልተያዘለትም፤ ስለዚህ ነጻ ይመስላል። ወጪ ግን አይጠፋም፣ ቦታ ይለውጣል። አንዲት ክፍል አከራይተው በዚያችው የሚተዳደሩ ጡረተኛ የተከራያቸውን ችግር ተሸክመዋል። መንግሥት በዐዋጅ ድጎማ ሲሰጥ ድጎማውን የሚከፍለው ዐዋጁ የተነገረበት ሰው ነው።

መዝገብ ውስጥ ለሌለው ብዙኀን ምን ታሰበ? በመጋቢት መጨረሻ ይፋ የሆነው የዝግጁነትና የምላሽ ዕቅድ ጠቅላላ ግምቱ 1.64 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ 635 ሚሊዮኑ ለ15 ሚሊዮን ሰዎች የአስቸኳይ ጊዜ ምግብ፣ 430 ሚሊዮኑ ለጤናው ዘርፍ ተገምቷል። ለአንድ ሰው 42 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ግምት ግን በጀት አይደለም፤ ዕቅድ ሆዱን የሚሞላው ገንዘቡ ሲመጣና የሚቀበለው ሰው ስሙና አድራሻው ሲታወቅ ነው። ክፍተቱን ለመሸፈን «ማዕድ ማጋራት» የሚል ጥሪ ቀረበ፤ ሕዝቡም ተካፍሎ በላ። ይህ የሚያኮራ ነው። ሆኖም የመንግሥትን ግዴታ የጎረቤት ደግነት ሲሸፍነው፣ ታሪክ ከ1911 ዓ.ም. ብዙ እንዳልራቀ ያሳያል።

ቀጥሎ የመጣው የ2013 በጀት 476 ቢሊዮን ብር ሆኖ ጸደቀ። ካለፈው ዓመት 386.9 ቢሊዮን ጋር ሲነጻጸር የ23 በመቶ ዕድገት ነው። የዋጋ ንረቱ ግን በዚያ ጊዜ 20 በመቶ ገደማ ስለ ነበረ፣ የዕድገቱ አብዛኛው ክፍል ገበያው አስቀድሞ የበላው ነው። የበጀት ጉድለት በከፊል ከብሔራዊ ባንክ በሚወሰድ ብድር ሲሞላ ደግሞ ንረቱ ይባባሳል። ንረት ደረሰኝ የማይሰጥ ግብር ነው። የግብር ምሕረቱ ያልደረሰው ሰው፣ ይህን ግብር በጤፍና በዘይት ዋጋ እየከፈለ ከረመ።

ከበሩ ላይ የጠፉት እናት

እዚህ ላይ የራሴን መናገር አለብኝ። ዩኒቨርሲቲዎች በመጋቢት ሲዘጉ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ደመወዜን በየወሩ ሳይጓደል ተቀብያለሁ። ከግቢያችን በር ላይ ቡና ያፈሉ የነበሩት እናት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልታዩም። ሁለታችንንም ያቆመን አንድ ውሳኔ ነው። እኔ በደመወዝ መዝገብ ላይ ስላለሁ ውሳኔው ዕረፍት ሆነልኝ፤ እርሳቸው የትም ስላልተጻፉ ረኀብ ሆነባቸው። ስማቸውን የሚያውቅ መሥሪያ ቤት አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ለዓመታት ቡናቸውን የጠጣሁት እኔም ሙሉ ስማቸውን አላውቀውም ነበር።

በግንቦት ወር የሰፈራችን እድር ዳኞች በአንድ ቅጥር ግቢ ተራርቀው ቆመው መከሩ። ገንዘብ ያዡ ደብተራቸውን ከፍተው የቀን ሠራተኛውን፣ ደላላውን፣ ልብስ አጣቢዋን በስማቸው እየጠሩ፣ ለ3 ወር መዋጮ እንዳይጠየቁ ተወሰነ። ውይይቱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የዚያ ደብተር ገንዘብ ከመንግሥት በጀት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ዕውቀቱ ግን የላቀ ነበር።

የተዘጋጀ መዝገብ ምን እንደሚያደርግ የሚመሰክር ከመንግሥት ከራሱ ሥራ የተገኘ ማስረጃም አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ሴፍቲኔት ለድርቅ የታሰበ ነበር፤ ወረርሽኝን ያሰበ አልነበረም። በኮቪድ ጊዜ በገጠር የተደረገ ጥናት ግን የምግብ እጥረቱ በአጠቃላይ ሲጨምር፣ በሴፍቲኔት በታቀፉት ቤተሰቦች ላይ ጉዳቱ እጅግ ያነሰ እንደ ነበር አሳይቷል። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔትም የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ቀድሞ በእጁ ስለ ነበረ፣ በወረርሽኙ ጊዜ የ3 ወር ክፍያ በቅድሚያ መስጠት ችሏል። በክፉ ቀን የሠራው ድጎማ በደህናው ቀን የተሠራው ነው።

ከመዝገብ የሚሸሽ ሕዝብ

«እንግዲያው ሁሉንም መዝግቦ መገላገል ነው» የሚል ይኖራል። ታሪክ አዋቂ ግን እንዲህ በቀላሉ አይናገርም። በዚህ አገር መዝጋቢ ሲመጣ ሕዝብ የሚደነግጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የምኒልክ ዘመን ቀላድ መሬቱን የለካው ለግብር ነው። በ1967 ዓ.ም. የተቋቋመው ቀበሌ ስኳርና ዘይት ያደለበትን ዝርዝር፣ በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት መልምሎበታል። ባላገሩ ልጁን፣ ነጋዴውም ዕቃውን ከቆጣሪ ዐይን የሸሸገው ቆጠራ ለመውሰድ እንጂ ለመስጠት ሲመጣ ስላላየ ነው። ዛሬ የፋይዳ መታወቂያ እየተስፋፋ ነው፤ ይሁን እንጂ መታወቂያ ማንነትን እንጂ ችግርን አይናገርም። መዝገቡ የሚታመነው ለእርዳታ የሰጡት ስም ለሌላ ጉዳይ እንደማይውል በሕግ ሲረጋገጥና፣ ቢጣስ የሚጠየቅ ሰው ሲኖር ነው።

«ድኻ አገር ነን፤ ከየት እናምጣ?» የሚለው መከራከሪያም እውነትነት አለው። በ2012 ዓ.ም. የግብር ገቢያችን ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 10 በመቶ አልሞላም ነበር። ዕዳችንም ከብዶ፣ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ በወቅቱ ሳይከፈል ቀርቷል። በሚቀጥለው ወረርሽኝ አበዳሪ እንደ ልብ አይገኝም። ነገር ግን ክርክሩ ወደ እኔ ያደላል፤ ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማወቅ ይበልጥ ግድ ይላል። የግብር ምሕረት ሲታወጅ ከመንግሥት ካዝና የቀረው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነና ማን እንደ ተጠቀመበት በበጀት ሰነዱ ተጽፎ ለምክር ቤት ይቅረብ። ለድንገተኛ መከራ የሚቀመጠው መጠባበቂያ በምን ሁኔታ፣ ለማን፣ በማን እጅ እንደሚወጣ በሰላሙ ጊዜ ይወሰን። እድሮችም የመዝገቡ ምስክሮች ይሁኑ፤ ነጻነታቸውን ግን አይነጠቁ።

በኮቪድ ሞቱ ተብለው በይፋ የተመዘገቡት ወገኖቻችን ከ7,500 ይበልጣሉ። በዚያ ዘመን ገቢያቸው ተቋርጦ የተራቡትን ግን አንድ በአንድ የመዘገበ የለም፤ የቡናዋ እናትም ከእነዚሁ መካከል ናቸው። ግቢያችን ሲከፈት በቦታቸው ሌላ ሴት ተቀምጣ አገኘሁ። የቀድሞዋ የት እንደ ደረሱ ጠየቅኋት፤ አላወቀችም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አበው። እኔ ደግሞ ጅቡ ሳይመለስ ብንጮኽ ይሻላል ባይ ነኝ። በመጪው ኅዳር 12 ቀን ጭሱ ሲወጣ፣ ከየትኛው ቤት እንዳልወጣ የሚያይ መንግሥት ይስጠን።

ቸር እንሰንብት።