ዲጄው ድምፁን የሚቀንሰው መቼ ነው?

እህቴ ልታገባ ሦስት ወር ሲቀራት ሥራ ተከፋፈልን። አባቴ አዳራሽ፣ እናቴ ድግስ፣ እኔ ደግሞ ዲጄ። ቀላሉ ደረሰኝ ብዬ ነበር። ያው ሁለት ሦስት ዲጄ ጋ መደወል፣ ዋጋ ማወዳደር፣ ቀብድ መክፈል፣ አለቀ።

አያታችን እቴቴ ሶፋው ላይ ሆና ስልክ ሳወራ ስትሰማኝ ቆየችና፣ «እንዳለፈው ዓይነት ከሆነ እኔ አልመጣም» አለች።

ያለፈው የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው። እቴቴ አዳራሹ መሃል ከበሮ ይዛ፣ ሴቶቹ ከበዋት፣ ሙሽራዋን ማሞገስ ጀመረች። ሁለተኛውን ስንኝ ሳትጨርስ ዲጄው ሞንታርቦውን ለቀቀው። ያ ሁሉ ሴት ያጨበጭባል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን የለም። እቴቴ ከበሮውን አስቀምጣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ዲጄው ክፉ ልጅ አልነበረም። አዳራሹ ዝም ያለ መስሎት ነው።

ይሄ «ዝም ያለ መስሎት» የሚለው ነገር አልወጣልህ አለኝ። ሰው እየዘፈነ እንዴት ዝም ያለ ይመስላል? ለመሆኑ ሠርጋችን ላይ የሚዘፍነው ማን ነበር?

በእቴቴ ጊዜ፣ በሷው አነጋገር፣ «የመጣው ሁሉ» ነበር። ሴቶች በከበሮና በጭብጨባ፣ ሚዜዎች በጭፈራ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል። አዝማሪ ቢጠራ እንኳ ብቻውን አይዘፍንም። ታዳሚው ግጥም ያቀብለዋል፣ እሱ በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል። አንዱ ሙሽራውን ያሞግሳል፣ ሌላው አማቱን በሰምና ወርቅ ሸንቆጥ ያደርጋል። ደስ ያለው ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ስለዚህ የዘፈኑ ግማሽ ደራሲ እንግዳው ነው። አዝማሪው ጥሩ ጆሮ ከሌለው እንጀራውም የለም።

ከዚያ ዘመናዊው ሙዚቃ መጣ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ባንድነት አዲስ አበባ ገቡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። በኋላ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተደራጁ። ሙዚቀኛው ዩኒፎርም ለበሰ፣ መድረክ ላይ ወጣ። መድረክ ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ ከታች ሆኖ ግጥም ማቀበል አይመችም።

በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን መሥርቶ የራሱን ሸክላዎች ማሳተም ጀመረ። አሁን ዘፋኙ ራሱ ሳይመጣ ዘፈኑ ቤት ይገባል። ዲጄ የሚለው ቃል የተወለደው ባሕር ማዶ ቢሆንም፣ መነሻው ይሄው ሸክላ ነው።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ሰዓት እላፊ ታወጀና ከተማዋ ለዓመታት በጊዜ መግባት ለመደች። ትልልቆቹ ባንዶች ሆቴል ነበሩ፣ ለምሳሌ ዋልያስ ሂልተን። መግቢያ ሰዓት ያለፈበት ታዳሚ እስኪነጋ እዚያው ይጨፍራል። ሰፈር ውስጥ ግን ሌላ ነው። አባቴ እናቴን ያገባው በ1977 ዓ.ም. ነው። «ድንኳን ጥለን፣ ቴፕ ተውሰን፣ እንግዳው ሳይመሽበት ሸኘን፤ ጎረቤት ግን እኛው ጋ አደረ» ይላል። ባንድ ለመቅጠር አቅም አልነበራቸውም። ካሴት ግን ርካሽ ነው፣ አይደክመውም፣ ራትም አይበላም።

እንግዲህ ካሴቱ ነው ሲዲ፣ ሲዲው ነው ላፕቶፕ የሆነው። ሞንታርቦ ራሱ የጣሊያን ኩባንያ ስም ነው፤ እኛ ጋ የማንኛውም ትልቅ ድምፅ ማጉያ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እያንዳንዱ ደረጃ የሆነ ነገር ጨምሮልናል። ዛሬ የአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ የጎጃም፣ የወላይታ፣ የትግራይ፣ የሐረር ሠርግ ሁሉ አለ። የትኛውም አዝማሪ ይህን ሁሉ አይችልም። በዚያው ልክ ግን እንግዳው ከደራሲነት ወደ አድማጭነት ወርዷል። የዲጄው ጆሮም በማዳመጫ ተሸፍኗል።

ይሄ ከገባኝ በኋላ ዲጄ የምመርጥበት መንገድ ተቀየረ። ስንት ዋት፣ ስንት መብራት፣ ጭስ አለው ወይ የሚለውን ተውኩት። ጄኔሬተር አለህ ወይ የሚለውን ግን አልተውኩም፣ አዲስ አበባ ነው ያለነው። ዋናው ጥያቄዬ ይሄ ሆነ፦ «አያቴ መሃል ገብታ መዝፈን ብትጀምር ምን ታደርጋለህ?»

አንደኛው ሳቀ። «ችግር የለም ወንድሜ፣ ቢት እገባላታለሁ» አለ። ሁለተኛው ፕሮግራሙ በደቂቃ የተያዘ መሆኑን ገልጾ ቀድሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። እቴቴ በደቂቃ ስትያዝ ታየችኝ።

ሦስተኛው ወዲያው አልመለሰም። መጀመሪያ የሙሽራውን ወገን ጠየቀኝ። ጉራጌ ናቸው አልኩት። «የትኛው ጉራጌ? ሰባት ቤት ነው ክስታኔ?» አለ። እኔ ራሴ አላውቅም ነበር፤ እህቴ ጋ ደውዬ አጣራሁ። ቀጠለና፣ «ከበሮውን ማነው የሚመታው? እዚያ ጋ አንድ ማይክ ባስጠጋ ጥሩ ነው። እኔማ ያን ጊዜ አጠፋለሁ፤ የምገባው ሲደክማቸው ነው» አለኝ።

ማጉያዎቹ ያረጁ ናቸው። ዋጋው ከሁለቱም ይበልጣል። አባቴ ትንሽ አጉረመረመ፤ ነገር ግን ቀብድ ስንከፍል ውሉ ላይ በእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር አስጨመርን፦ እንግዳ ሲዘፍን ሙዚቃ ይቆማል።

የሠርጉ ዕለት እራት ተበልቶ እንዳለቀ እቴቴ ተነሳች። ዲጄውን አየሁት፤ ማዳመጫውን አውልቆ አንገቱ ላይ አድርጓል። ድምፁ ቀስ እያለ ወረደና ጠፋ። ከበሮው ብቻ ቀረ። እሷ አወጣች፣ የኛ ሴቶች ተቀበሉ። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያኛው ጠረጴዛ የሙሽራው አክስት ብድግ አሉና በራሳቸው ቋንቋ አንድ ስንኝ ጣሉባት። እቴቴ አንድ ቃል አልገባትም። ግን ከበሮውን ወደሳቸው አዙራ መታችላቸው።

ሲደክማቸው ዲጄው ገባ። የከፈተው የክስታኔ ዘፈን ነበር።