ካፕሪዮማይሲን፦ የአንድ መጠባበቂያ መድኃኒት ታሪክ

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ታሪክ መድኃኒቶች የተገኙበት ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ የተገኙት መድኃኒቶች ኃይላቸውን ያጡበትም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ፣ በዋክስማን ቤተ ሙከራ ስትሬፕቶማይሲን ሲገኝ፣ ይህ የጥንት ደዌ የተሸነፈ መስሎ ነበር። በ1948 በብሪታንያ የታተመው ጥናት ግን ተስፋውንም ስጋቱንም በአንድነት አሳየ። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 55 ሕሙማን 4 ሲሞቱ፣ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ከታከሙት 52 ሕሙማን 14 ሞቱ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል ምርመራ በተደረገላቸው 41 ሕሙማን፣ በ35ቱ ላይ ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶ ተገኘ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በታመመ ሳንባ ውስጥ ከሚራቡት እጅግ ብዙ ጀርሞች ጥቂቶቹ በተፈጥሯቸው አንድን መድኃኒት ይቋቋማሉ። መድኃኒቱ ለብቻው በተሰጠ ጊዜ ሌሎቹ ሲያልቁ እነዚህ ተርፈው ይባዛሉ። ስለሆነም መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት የሕክምናው መሠረታዊ ደንብ ሆነ። መድኃኒት በጎደለበት ወይም ሕክምና በተቋረጠበት ስፍራ ሁሉ ግን ደንቡ ፈረሰ፤ ሐኪሙም ሌላ መሣሪያ ለመፈለግ ተገደደ።

ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱ ካፕሪዮማይሲን ነው። መድኃኒቱ በ1960 በአሜሪካ፣ ስትሬፕቶማይሲስ ካፕሪዮለስ ከተባለ ባክቴሪያ ተገኘ። በመጠባበቂያነት የተቀመጠው ከዋነኞቹ ይልቅ ብርቱ ስለ ነበረ አይደለም። ለወራት በመርፌ የሚሰጥ፣ ኩላሊትን የሚጎዳ፣ የመስማት ኃይልንም ለዘለቄታው ሊያሳጣ የሚችል መድኃኒት ነበር። ሌላ አማራጭ ያጣ በሽተኛ ሕይወቱን ለማትረፍ ጆሮውን አደጋ ላይ ይጥል ነበር። በኢትዮጵያ መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ በነበሩት ዓመታትም፣ ሥራ ላይ ከዋሉት የመርፌ መድኃኒቶች አንዱ ይኸው ነበር።

መጠባበቂያውም ቢሆን ከመላመድ አላመለጠም። በ2006 ካፕሪዮማይሲንን ከመሳሰሉት መርፌዎች ቢያንስ አንዱን፣ ከፍሉሮኪኖሎን ወገን የሆኑትንም መድኃኒቶች ጭምር የተቋቋመው ነቀርሳ የራሱ መለያ ስም ተሰጠው። በ2012 መጨረሻ በአሜሪካ የተፈቀደው፣ በአፍ የሚወሰደው ቤዳኩዊሊን ግን አዲስ በር ከፈተ። በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ካፕሪዮማይሲን ለዚህ ሕክምና እንዳይሰጥ መከረ።

በ2021 የዚያ አስከፊ ነቀርሳ ትርጓሜ ሲሻሻል መርፌዎቹ ከመመዘኛው ወጡ፤ በስፍራቸውም ቤዳኩዊሊንና ሊኔዞሊድ ገቡ። አዲሱ መድኃኒት ገና ከመምጣቱ የመላመድ መለኪያ መሆኑ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቤዳኩዊሊንን የተላመደ ጀርም ከወዲሁ ታይቷልና። የመጠባበቂያ መድኃኒት ዕድሜ የሚረዝመው በመጋዘን በመቆለፉ አይደለም። የመጀመሪያው በሽተኛ የመጀመሪያውን መድኃኒት በትክክል ተመርምሮ፣ ሳይጓደልበትና ሳያቋርጥ ሲጨርስ ነው።