ከመንዝ ገደል እስከ ስቱዲዮ

የአማርኛ ዜማ በሸክላ የተቀረጸ ታሪኩ የሚጀምረው ማሚቶ በሌለው ድምፅ ነው። የምንጃሩ ተወላጅ ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ላይ ሲያንጎራጉሩ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ ገና አልዋለም ነበር። ድምፃዊው አፉን ወደ አንድ ሰፊ ቀንድ አስጠግቶ ያዜማል፤ የድምፁ ግፊት መርፌዋን ያንቀሳቅሳል፤ መርፌዋም በሰም ላይ ትጭራለች። ቀንዱ ደካማ ድምፅ አይሰማም፤ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ደግሞ ምንጊዜም ደካማ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ሰውየው አሉ፣ ቃላቸውም አለ፣ የቆሙበት ቦታ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ያለውን የቀረጻ ታሪካችንን ድምፅን ወደ ቦታው ለመመለስ የተደረገ ረጅም ጥረት አድርጎ ማየት ይቻላል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ የደጋ ሰው ድምፅ የሚመለስበት ቦታ ፀጥ ብሎ የቆመ አይደለም። ዛሬ የሚክስ (የድምፅ ቅንብር) ባለሙያዎች ሪቨርብን፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ማሚቶን፣ ከኮረስና ድምፅን ከሚያወዛውዙ ሌሎች ኢፌክቶች ጋር ማጣመራቸው፣ በልኩ ከተሠራ፣ ደጋው ራሱ ሲያደርግ የኖረውን መከተል ነው እንጂ የባዕድ ጌጥ መልበስ አይደለም።

ማስረጃው ከቀየት፣ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ መልክዓ ምድር ይጀምራል። የጓሳ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ በምዕራብ በኩል ጀማና ወንጪት አገሩን ቆራርጠው ጥልቅ ሸለቆ አድርገውታል፤ በምሥራቅ ደግሞ ምድሩ ወደ ይፋት በአንድ ጊዜ ይናዳል። በእንዲህ ያለ ብርዳማ አየር ድምፅ በሰከንድ 330 ሜትር ያህል ይጓዛል። እረኛው ከገደል አፋፍ ቆሞ ሲጣራ 165 ሜትር ርቆ ያለው ግድግዳ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ይመልስለታል፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር የራቀው ደግሞ ከሦስት ሰከንድ በኋላ። የገደል ማሚቶ እንግዲህ ብዙ ግድግዳዎች በየተራ የሚሰጡት መልስ ነው። ከዚህም በላይ መልሱ ጸንቶ አይቆምም። ከቆላው የሚወጣው ሞቃት አየር ከደጋው ብርድ ጋር ሲገናኝ፣ ነፋሱም ሲነፍስና ሲያርፍ፣ የድምፁ መንገድ ይጎብጣል፣ ይረዝማል፣ ያጥራል። ለዚህ ነው ሩቅ ድምፅ ቀረብ ራቅ፣ ጎላ ደብዘዝ የሚለው። ኮረስ የሚባለው መሣሪያም ሥራው የዚህ ዘመድ ነው። የድምፁን ቅጂ ጥቂት ያዘገየዋል፤ መዘግየቱን ራሱን ደግሞ ቀስ እያለ ያስረዝመዋል፣ ያሳጥረዋል። ቅጂው በድምፁ ቁመት (በቅጥነቱና በውፍረቱ) በጥቂቱ ሲወጣና ሲወርድ ከዋናው ጋር ይላተማል፤ ከዚያም ድምፁ ሰፍቶ ይሰማል።

እዚህ ላይ ክብደት ያለው ተቃውሞ አለ። የመንዝ ቤት የድንጋይ ግድግዳ ቢኖረውም ጣሪያው በጓሳ ሣር የተከደነ ነው፤ ሣር ደግሞ ድምፅ ይውጣል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በሠርግ ዳስ ወይም በጠጅ ቤት ሲዘፍን ድምፁ ደረቅ፣ ቅርብና ግልጽ ነበር። ሰም ለበስ ግጥም የሚጫወት ሰው እያንዳንዱ ቃል እንዲደመጥለት ይፈልጋል፤ ማሚቶ ጠላቱ ነው። ይህን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ተቃውሞው የሚያሳየው በአንድ አገር ሁለት የድምፅ ሥርዓት መኖሩን ነው። በቤት ውስጥ ጨዋታና ቅኔ አለ፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ቀረርቶ፣ ሽለላና ፉከራ። ቀረርቶ የስንኙን መጨረሻ አስረዝሞ የሚለቀው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ሜዳና ገደል ረጅም ድምፅን ይሸከማሉ፣ ፈጣን ቃልን ግን ይበትናሉ። ለሚክስ ባለሙያ የመጀመሪያው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ይህ ዘፈን የየትኛው ወገን ነው?

በዓለም ስቱዲዮዎች ሰው ሠራሽ ማሚቶ የተጀመረው በክፍል ነው። የድምፅ መሐንዲሱ ቢል ፑትናም እ.ኤ.አ. በ1947 ለሃርሞኒካትስ ቡድን ቀረጻ የመታጠቢያ ክፍልን እንደ ማሚቶ ክፍል ተጠቀመበት። በ1957 የጀርመኑ ኢኤምቲ ኩባንያ አንድ ሰፊ የብረት ሉሕ አንጠልጥሎ የሚያንቀጠቅጥ፣ ከሩብ ቶን በላይ የሚመዝን መሣሪያ አወጣ። የዲጂታል ዘመን ሲመጣ ግን ያልታሰበ ችግር ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሌክሲከን 224 የተባለው ዲጂታል ሪቨርብ ገበያ ላይ ሲውል የኮምፒውተር ማኅደር ውድና ጠባብ ነበር። በጥቂት የመዘግየት መስመሮች ብቻ የተሠራ ሪቨርብ ጅራቱ ላይ እንደ ብረት ያቃጭላል፤ አንዳንዱ የድምፅ ቁመት ከሌላው ተነጥሎ ይጮኻልና። መሐንዲሱ ዴቪድ ግሪሲንገር መስመሮቹ ባሉበት እንዳይቆሙ ቀስ ብለው እንዲንቀሳቀሱ አደረገ፤ ቅጭልታውም ጠፋ። ይህን ነጥብ አጥብቄ የምይዘው አንድ ነገር ስለሚያስረዳ ነው። ፍጹም የማይንቀሳቀስ ማሚቶ በተፈጥሮ ውስጥ ስለሌለ ጆሮ ሐሰት መሆኑን ሊጠረጥር ይችላል። በማኅደር እጥረት የመጣው ብልኃት ሳይታሰብ ነፋስን ወደ መሣሪያው አስገባ።

አዲስ አበባ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በሌላ በር ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሀገር ፍቅርን የሸክላ ሞኖፖል ጥሶ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም በዘመኑ የነበረው መሣሪያ ጥቂት ትራክ ብቻ ነበረው፤ ድምፃዊውና ባንዱ በአብዛኛው አብረው ይቀዱ ነበር። ስለዚህ የነሐሱ፣ የከበሮውና የድምፃዊው አየር አንድ ነው። በ1975 ካይፋ የተባለው የሸክላ አሳታሚ ያወጣውን የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» የሚሰማ ሰው ድምፁ ከባንዱ መካከል እየወጣና እየገባ ሲርገበገብ ያገኘዋል፤ ያን ርግብግቢት የሠራው የማህሙድ ጉሮሮ ነው። የይፋቱ ተወላጅ ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ሽለላንና ቀረርቶን ወደ ሳክስፎን አዞረ፤ በ1972 በፊሊፕስ የወጣው ሸክላው የሜዳው ጩኸት በነሐስ ትንፋሽም መንቀጥቀጡን ሳያጣ እንደሚኖር አሳይቷል። ሳክስፎን ከቤልጅግ የመጣ ዕቃ ነው። ጌታቸውን ግን ከሽለላው የሚለየው ሰው የለም።

በስደት የተሠራው ሥራ ነገሩን ከዚህ አራቀው። የደብረ ብርሃኑ ልጅ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምሮ ካሴት አወጣ። በብዙ አኮርዲዮኖች ውስጥ ቁመታቸው በጣም በጥቂቱ የሚለያይ ጥንድ ምላሶች አብረው ይነፋሉ፤ ኤሌክትሪክ የማያሻው ኮረስ ማለት ነው። እጅግ ግልጹ ምሳሌ ግን የእጅጋየሁ ሽባባው፣ የጂጂ፣ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን አልበሟን ያዘጋጀው ቢል ላስዌል በ2003 ያንኑ ቅጂ እንደገና ፈትቶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል አወጣው። በመጀመሪያው ድምፅዋ ፊት ለፊት ቆሞ ቃሉን ይናገራል፤ በሁለተኛው በሚንሳፈፍ ማሚቶ ውስጥ ይርቃል፣ ይቀርባል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው ኢፌክት ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ በአንዴ ይረዳል። በእኔ ፍርድ ሁለተኛው የዜማዋን ስፋት ያሳያል፤ ግጥሟን ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ከዚህ የሚወጣው የሙያ ደንብ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይጣሳል። የሠለጠነ ድምፃዊ ጉሮሮውን በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ያንቀጠቅጣል፤ በአማርኛ ዜማ ደግሞ ቅላጼው በዚህ ላይ ይደረባል። ኮረሱ በቀጥታ ድምፁ ላይ ሲጫን ሁለት መንቀጥቀጦች ይጋጫሉና ቅላጼው ይደፈርሳል። እንቅስቃሴው መግባት ያለበት ወደ ማሚቶው ነው። ድምፁ ደረቅ ሆኖ መሐል ይቆማል፤ ቅጂው ለብቻው ወደ ሪቨርብ ይላካል፤ የሪቨርቡ መልስ በሰከንድ ከአንድ ዙር ባነሰ ፍጥነት በዝግታ ይወዛወዛል። ማሚቶው ከመጀመሩ በፊት ጥቂት አሥርት ሚሊሰከንዶች ቢዘገይ ተነባቢው ነፃ ይወጣል። በአማርኛ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ቃል ጠብቆና ላልቶ ሲነገር ትርጉሙ ስለሚለወጥ፣ ጥብቀቱን የሚውጥ ማሚቶ ግጥሙን ያበላሻል። የቅኝት ነገርም አለ። አንቺሆዬ ውስጥ ያሉት ጠባብ ርቀቶች በረጅም ማሚቶ ሲደራረቡ፣ ማሚቶውም በቁመት ሲዋልል፣ ቅኝቱ ቅርጹን ያጣል። እንዲህ ላለው ዜማ ውዝዋዜው ጥልቀት የሌለው፣ ጅራቱም አጭር መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ጥሬውን የባህል ድምፅ ማስመሰያ ቀለም መቀባት ነው የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ደካማ ድምፅን በኢፌክት የሸፈነ ሥራ ሞልቷል። ዳሩ ግን ጥሬ ድምፅ የሚባለው ነገር ራሱ በቀረጻ ታሪካችን ውስጥ ሲፈለግ የሚገኘው በርሊን ውስጥ በቀንድ ፊት ብቻ ነው። በገናን እንይ። በጅማቱና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ የሚገባው ድምፁ እንዲንዘር ተብሎ ነው፤ ያለ እርሱ በገናው የሚያሰማው ደካማና እርቃን ድምፅ ነው። አባቶች ለጸሎት በመረጡት መሣሪያ ላይ ድምፅ የሚለውጥ ነገር አክለዋል፤ መጠኑንም በጥንቃቄ ያበጁታል። ስለዚህ ክርክሩ መጠቀም ወይስ አለመጠቀም ላይ ሳይሆን መጠኑ ላይና ከየትኛው ቦታ እንደተቀዳ ላይ ሊሆን ይገባል።

ዛሬ በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች በኮምፒውተር ከሚገኙት የማሚቶ ናሙናዎች ብዙዎቹ የአውሮፓ ካቴድራሎችና የኮንሰርት አዳራሾች ናቸው። የአንድን ቦታ ማሚቶ ቀድቶ ለሚክስ ማዋል ግን ከ20 ዓመት በላይ የቆየ፣ በጥሩ ማይክሮፎንና በአንድ ጥርት ያለ ተኩስ መሰል ድምፅ የሚሠራ ጉዳይ ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የጀማን ሸለቆ፣ የጓሳን አፋፍ፣ የመንዝን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኖችና የሣር ክዳን ቤቶች ማሚቶ በየወቅቱ፣ በነፋስም በፀጥታም፣ ቀድተው ለአገሩ ባለሙያዎች በነፃ ይስጡ። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ እየተተካ ስለሆነ ከቤቶቹ ይጀምሩ።