አረር፣ ቀለህና ቁስል፦ የእርሳስ ጥይት በወሎ ታሪክ

በአማርኛ የሚታወቁት የጠመንጃ ስሞች ብዙዎቹ የባዕድ ሰዎች ስሞች ናቸው። ስናድር የተባለው በአሜሪካዊው በጄኮብ ስናይደር ስም ነው። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የተወሰደ ሲሆን ግራ የፈረንሳይ ጦር መኮንን ነበር። ምንሽርም ከኦስትሪያዊው ከማንሊኸር ስም እንደመጣ ይነገራል። እነዚህ ስሞች በፉከራና በቀረርቶ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሰማሉ። ሐኪምን የሚመለከተው ግን ከጠመንጃው ይልቅ ጥይቱ ነው። ጥይቱ በቁሱ፣ በመጠኑና በፍጥነቱ ከዘመን ወደ ዘመን ሲለወጥ ቁስሉም አብሮ ተለውጧል፤ ስለ ቁስሉ የሚሰጠው የሐኪም ምስክርነትም እንዲሁ። ለዚህ ለውጥ ከወሎ የተሻለ ምስክር የሚሆን የአገራችን ክፍል ማግኘት ያስቸግራል።

ነገሩ የሚጀምረው ከእርሳስ ጠባይ ነው። የድሮው አማርኛ አረር የሚለው ይህ ማዕድን ከብረት ይልቅ ከባድ፣ በጥፍር የሚጫር ያህል ለስላሳ፣ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ነው። ይህን ያህል ሙቀት ለማግኘት ከሰልና ወናፍ ይበቃል። ቀጥቃጩ እርሳሱን በብረት ምጣድ አቅልጦ፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ በሚገጠም ቅርጽ ውስጥ ያፈስሰዋል፤ ቅርጹ አስቀድሞ ካልሞቀ አረሩ ተጨማድዶ ይወጣል። ከበረደ በኋላ በአፉ በኩል የተረፈው ጭራ ይቆረጥና እንደገና ወደ ምጣዱ ይመለሳል። ባሩዱም ቢሆን ከጨው ማዕድን፣ ከድኝና ከከሰል በአገር ውስጥ ይዘጋጅ ነበር፤ ድኙ የሚመጣው ከአፋር ዝቅታ ነው። ስለዚህ ጠመንጃ በአፈ ሙዙ በኩል በሚጎርስበት ዘመን አንድ ነፍጠኛ ጠመንጃውን አንድ ጊዜ ካገኘ በኋላ የሚተኩሰውን ለማግኘት ባሕር ማዶ ማየት አያስፈልገውም ነበር። ከባቲ ገበያ በደጋን በኩል ወደ ኮምቦልቻ በሚወጣው መንገድ ላይ ላለ ሰው እርሳሱም፣ ከሰሉም፣ ቀጥቃጩም ቅርብ ናቸው።

ይህን ራስን መቻል ያናጋው ከናስ የተሠራው ቀለህ ነው። ባሩዱን፣ ማቀጣጠያውንና አረሩን በአንድ ላይ የያዘው ጥይት ሲመጣ የተኳሹ ፍጥነት በብዙ እጥፍ ጨመረ፤ ቀለሁንና ማቀጣጠያውን ግን የአገር ቀጥቃጭ ሊሠራቸው አይችልም። የዚህ ልዩነት ዋጋ መጀመሪያ የተከፈለው በወሎ ምድር፣ ከደሴ በስተ ምዕራብ በመቅደላ ግርጌ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከመቅደላ አቅራቢያ ወደ እሮጌ ሜዳ ወረደ። የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች የያዙት ስናይደር በኋላው በኩል የሚጎርስ፣ 14.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠመንጃ ነበር። አረሩ 31 ግራም ያህል የሚመዝን ንጹሕ ለስላሳ እርሳስ ሲሆን ውስጡ በከፊል ባዶ ነው፤ ከበስተኋላው የተተኮሰ ሸክላ ውታፍ ተደርጎበታል። በሰዓታት ውስጥ በኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት 1,200 ያህል ቆሰለ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም ወደቀ። በእንግሊዞች በኩል የቆሰሉት 20 ያህል ብቻ ነበሩ። የታሪክ መጻሕፍት ይህን የቁጥር ልዩነት በተኩስ ፍጥነት ያስረዱታል፤ ትክክልም ነው። የሕክምና አንባቢ ግን ከሙታን ቁጥር ይልቅ በቆሰሉት 1,200 ሰዎች ላይ ቢያተኩር ይሻላል። በዚያች ዕለት አምባው ላይ ታስረው ከነበሩት አውሮፓውያን መካከል ሄንሪ ብላንክ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ነበር፤ እርሱ ከጥቂት ቀን በኋላ ነፃ ወጥቶ ትዝታውን አሳተመ። የቆሰሉት ዕጣ ግን በአብዛኛው በወጌሻና በቤተሰብ እጅ ቀረ።

ለስላሳ ትልቅ እርሳስ በዝግታ ሲጓዝ የሚያደርሰው ጉዳት የራሱ መልክ አለው። ሥጋን ሲያገኝ ይጠፈጠፋል፤ ሲጠፈጠፍ ስፋቱ ይጨምራል፤ ረጅም አጥንት ሲመታ ደግሞ አጥንቱን ብዙ ቦታ ይሰባብረዋል፣ እርሱም ይበታተናል። የልብስ ቅዳጅና አፈር ይዞ ይገባል። ፈረንሳዊው ሚኒዬ በ1849 እ.ኤ.አ. ያወጣው አረር በክራይሚያና በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያስከተለው የእጅና የእግር ቆረጣ ብዛት ከዚህ የመነጨ ነው። ሊስተር ስለ ቁስል ንጽሕና የጻፈው ገና በ1867 እ.ኤ.አ. ማለትም እሮጌ ከመሆኑ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለነበር በዚያን ጊዜ ጭኑ የተሰበረ ቁስለኛ በለንደንም ቢሆን ተስፋው የመነመነ ነበር።

ከመቅደላ በኋላ የመጡት ነገሥታት ትምህርቱን በሚገባ ወሰዱት። በዐፄ ዮሐንስና በዐፄ ምኒልክ ዘመን በወደቦቹ በኩል ከገባው መሣሪያ እጅግ የተስፋፋው ውጅግራ ነው። ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው ይህ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ አረሩ በወረቀት የተጠቀለለ 25 ግራም እርሳስ ነው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ወደ ሌላ ጠመንጃ ስትሸጋገር አሮጌው ለንግድ ተለቀቀ። የውጅግራ ጥይት በኢትዮጵያ ገበያ ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ እስከመሆን ደርሷል። ባዶው ቀለህ ራሱ የሚጣል ነገር አልነበረም፤ እንደገና ሊጎርስ የሚችል ስለሆነ ከውጊያ ቦታ ይለቀማል፣ ይሸጣል። የቀጥቃጩ የእርሳስ ምጣድ ሥራ ያልፈታው በዚህ ምክንያት ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ቀለህ ከአገር ቤት በቀለጠው አረር ተሞልቶ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕድሜ ያገኝ ነበር።

አድዋ የዚህ ዘመን መደምደሚያ ነው። የወሎው ራስ ሚካኤል ፈረሰኞች በተሰለፉበት በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጦርነት ኢጣሊያኖች 6.5 ሚሊ ሜትሩን አዲስ ጠመንጃ ከአምስት ዓመት በፊት የተቀበሉ ቢሆንም አብዛኛው ወታደራቸው የያዘው አሮጌውን 10.35 ሚሊ ሜትር ቬተርሊ ነበር። ስለዚህ አድዋ በሁለቱም ወገን የትልቅ ስፋት ጠመንጃ ጦርነት ነው። በዚያው ዓመት የደረሰው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በአዲስ አበባ ሕክምና ሲጀምር፣ ከወራት በፊት የቆሰሉ ሰዎችን ተቀበለ። የዘመናዊ ሆስፒታል ታሪክ በአገራችን የሚጀምረው ከዚህ የእርሳስ ቁስል ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

በዚሁ ጊዜ በአውሮፓ ጥይቱ ራሱ ተለውጦ ነበር። ጭስ የሌለው ባሩድ ሲገኝ የጠመንጃው ስፋት ወደ 8 ከዚያም ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ወረደ፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 700 ሜትር ደረሰ። በዚህ ፍጥነት ልሙጥ እርሳስ አይሠራም። የአፈ ሙዙ ውስጥ ጥርስ እርሳሱን ይላጨዋል፤ ልጩ ተለጥፎ ይቀርና ጠመንጃው ዒላማውን ይስታል። ቆርቆሮና አንቲሞኒ ቢጨመርበት ይጠነክራል፤ ቢሆንም በቤት ቀልጦ የተሠራ አረር በጠባብ ስፋት ጠመንጃ የሚተኮሰው ባሩዱ ሲቀነስለት፣ ፍጥነቱም ሲወርድ ነው። የስዊሱ መኮንን ሩቢን በ1882 እ.ኤ.አ. መፍትሔውን አገኘ፤ እርሳሱን በመዳብ ሸፈነው። ስለዚህ ጥይትን እንደገና መሙላት የሚችለው ቀጥቃጭ፣ በትልቁ ውጅግራ ላይ የነበረው ብልሃት በምንሽሩ ላይ አነሰበት።

ስለዚህ ሽፋን ከማንም በላይ የተከራከረው ሐኪም መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በታይሮይድ ቀዶ ሕክምናው በ1909 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ቴዎዶር ኮኸር ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት በውኃ በተሞሉ ዕቃዎችና በሬሳ ላይ እየተኮሰ አረር በአካል ውስጥ የሚሠራውን አጥንቷል። በ1894 እ.ኤ.አ. በሮም በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ ጥይት ከሰብአዊነት አንጻር እንዲሻሻል፣ ማለትም ጠባብና የማይጠፈጠፍ እንዲሆን ጠየቀ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ወታደሩን ከውጊያ ማስወጣት ይበቃል፣ አካሉን መፈራረስ አያስፈልግም። እንግሊዞች ግን በሕንድ፣ በካልካታ አጠገብ ባለው የዱምዱም መሣሪያ ፋብሪካ፣ የጥይቱን ጫፍ ከሽፋኑ አራቁተው ለስላሳው እርሳስ እንዲወጣ አደረጉ። በ1899 እ.ኤ.አ. የሄግ ጉባኤ በአካል ውስጥ በቀላሉ የሚሰፋ ወይም የሚጠፈጠፍ ጥይትን የሚከለክል መግለጫ ሲያወጣ የከለከለው ይህን ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በእሮጌ የተተኮሰው የስናይደር አረር በዚህ መለኪያ ሲታይ ከዱምዱም ምን ያህል ይለያል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ጥያቄው ተመልሶ የመጣው በ1928 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 26 ቀን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ያደረጉባትን ደሴን ደበደቡ፤ ቀይ መስቀል በጣሪያው ላይ የተሳለበት የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖችም ተመቱ። በከተማው የነበሩት የውጭ ሐኪሞች ቁስለኞችን እያከሙ ተቃውሟቸውን ወደ ጄኔቭ በቴሌግራም አስተላለፉ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መልእክተኛ ዶክተር ማርሴል ዡኖም በደሴ የሆነውን በዐይኑ ካዩት አንዱ ነው። ኢጣሊያ በበኩሏ ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ይተኩሳሉ የሚል ክስ ለመንግሥታት ማኅበር አቀረበች፤ ቁስሎችንና ፎቶግራፎችን ማስረጃ አደረገች። በታኅሣሥ ወር በተከዜ የጀመረችውን የሰናፍጭ ጋዝ ስትክድም፣ ሳትክድ ስትቀርም ይህን ክስ ከበስተጀርባ አስቀመጠችው።

የተኮሰው እጅ የያዘው ምን ነበር? በ1928 የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር መሣሪያ የግማሽ ምዕት ዓመት ስብስብ ነበር፤ ውጅግራ በብዛት ነበረበት። የውጅግራ አረር ሽፋን የሌለው እርሳስ ነው፤ ሲተኮስም፣ በቀጥቃጭ ተቀልጦ ሲሞላም ያው ነው። ሲመታ ይጠፈጠፋል፣ አጥንት ይሰባብራል። የዚህን ቁስል ፎቶግራፍ ያየ ሐኪም ዱምዱም ነው ቢል አያስደንቅም፤ ስሕተቱ ግን ትልቅ ነው። ድህነት በእጅ ያቆየውን አሮጌ አረር ሆን ተብሎ ከተሠራ የጭካኔ ጥይት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ለአንደኛው ወገን ክስ፣ ለሌላው ለመርዝ ጋዝ ሰበብ ሆነ። የተከለከለ ጥይት በዚያ ጦርነት ፈጽሞ አልተተኮሰም ማለት አይደለም፤ ቁስሉን አይቶ ብቻ መለየት አይቻልም ማለት ነው።

ይህ በሳይንስ ግልጽ የሆነው ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ ጦር ቀዶ ሐኪም የነበረው ማርቲን ፋክለር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በጄላቲን ላይ እየተኮሰ እንዳሳየው፣ ሙሉ ሽፋን ያለው ጠባብ ጥይትም በአካል ውስጥ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ይዞራል፤ በጎኑ ሲሄድም ሰፊ ክፍተት ይከፍታል፤ አንዳንዱም ይሰበራል። መጀመሪያ ድንጋይ የነካ ጥይት ደግሞ ተጠፍጥፎ ይገባል። ስለዚህ ትልቅ የመውጫ ቁስል የጥይቱን ዓይነት አይናገርም። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ቀዶ ሐኪም ሮቢን ኮፕላንድ ያዘጋጀው የቁስል መመዘኛ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፦ ሐኪሙ የመግቢያውንና የመውጫውን ስፋት፣ የክፍተቱን መጠን፣ ስብራትን፣ የተጎዳ ዋና ብልትንና በሰውነት ውስጥ የቀረ ብረትን ብቻ ይመዘግባል፤ የመሣሪያውን ስም የሚጽፍበት ቦታ የለውም። የጦር ቁስለኛ ለሚቀበል ሆስፒታል ይህ ልማድ ቀላል አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜም በቀላሉ የሚታሰብ አልነበረም። ቁስለኛውም፣ አጃቢውም፣ ጋዜጠኛውም ሐኪሙን የሚጠይቁት በምን እንደተመታ ነውና።

እርሳሱ ከቁስሉ በኋላም ታሪክ አለው። በጡንቻ ውስጥ የቀረ አረር በጠባሳ ስለሚከበብ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ሕዝቡ «ከነጥይቱ ይኖራል» የሚለው ሰው ብዙ ነው። በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲቀር ግን የመገጣጠሚያው ፈሳሽ እርሳሱን ያሟሟል፤ ከዓመታት በኋላ የሆድ ቁርጠት፣ የደም ማነስ፣ የእጅ አንጓ መውደቅ ወይም የአእምሮ መደናገር ሊያመጣ ይችላል። ተመሳሳይ ሕመም ጠመንጃ ላልያዘው፣ እርሳሱን ላቀለጠው ሰውም ይደርሳል። በእርግጥ በሚፈስበት ሙቀት የሚነሳው ተን ያን ያህል አይደለም፤ ጉዳቱ ከላይ ከሚገፈፈው ግራጫ አመድ ነው። አመዱ በእጅ፣ በልብስ፣ በምግብ ተሸክሞ ወደ ቤት ይገባል። በዚያ ቤት ሕፃን ካለ፣ ከዋጠው እርሳስ የሚመጥጠው ከአዋቂ ይልቅ ብዙ እጥፍ ነው። በአሮጌ ቁስለኛ ራጅ ላይ ደግሞ በዳሌ ወይም በጉልበት ዙሪያ የተበተነ ነጭ ጭጋግ የሚመስል ነገር ከታየ፣ ያ የሟሟ እርሳስ ነው። እንዲህ ያለው አረር መውጣት አለበት፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ የተከማቸውን እርሳስ ወደ ደም ሊለቅ ስለሚችል ግን በደሙ ውስጥ ያለው እርሳስ ከፍ ያለ ሕመምተኛ አስቀድሞ እርሳስን የሚያስሩ መድኃኒቶች ይሰጡታል።