ስኳር

ስኳር (ስም)፦ ከሸንኮራ አገዳ ወይም ከሌላ ተክል ተጨምቆ፣ ተጣርቶና ረግቶ የሚገኝ ጣፋጭ ምግብ። በዘልማድ የስኳር በሽታ።

ከአዳማ አጠገብ ባለችው ወንጂ፣ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው ፋብሪካ በአዋሽ ውኃ የለማውን አገዳ ስኳር ማድረግ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ቃሉ ግን ከፋብሪካው እጅግ ይቀድማል፤ ሥሩም የጥንቷ ሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪት ነው። «ሻርካራ» መጀመሪያ ጠጠር ማለት ነበር። የአገዳ ጭማቂ ፈልቶ ሲረጋ እንደ ጠጠር ይሆናልና ስሙን ወረሰ። ፋርሶች «ሸከር»፣ ዐረቦች «ሱከር» አሉት፤ የኛም «ስኳር» የዚሁ ቤተሰብ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. ቀድሞ በሠራባት በጃቫ ደግሞ ስኳር «ጉላ» ይባላል። እሱም የመጣው ያልተጣራ ስኳርን ከሚያመለክተው «ጉዳ» ከሚለው ሌላ የሳንስክሪት ቃል ነው።

ወደ ሳንስክሪት ለሚተረጉም ሰው ትልቁ ፈተና «ስኳር» የበሽታውም ስም መሆኑ ነው። «እማማ ስኳር አለባቸው» የሚለውን ቃል በቃል «ሻርካራ» ብሎ ቢያስገባው፣ በጥንቱ የሕንድ ሕክምና ቃሉ በሽንት የሚወጣ ጠጠርም ነውና በሽታው ይለወጣል። ትክክለኛው «ማዱሜሃ» ነው፤ «የማር ሽንት» እንደማለት።

ስለዚህ ተርጓሚ መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት ተናጋሪው የትኛውን ስኳር እንዳለ ይለይ። ይህ ጥንቃቄ ወደ ግዕዝም ሆነ ወደ ኦሮምኛ ለሚተረጉም ሁሉ ግዴታ ነው።