ጉንዳን-አንበሳው ለምን ሞተ?

በቶሮንቶ ከተማ፣ ኮሌጅ ጎዳና ላይ፣ በሊሊያን ኤች. ስሚዝ ቤተ መጻሕፍት በር ግራና ቀኝ ሁለት የነሐስ አውሬዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ባለ ክንፍ አንበሳ ነው፤ ሌላኛው ግሪፈን ይባላል፤ የንስር ራስና ክንፍ፣ የአንበሳ ገላ ያለው ፍጡር ነው። ለኢትዮጵያዊ ዓይን ሁለቱም እንግዳ አይሆኑም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ገጸ ሰብእን፣ ገጸ አንበሳን፣ ገጸ ላሕምንና ገጸ ንስርን እያየ ያደገ ሰው፣ ከታወቁ አካላት ያልታየ ፍጡር ማዋሐድ ምን ያህል የቆየ ጥበብ እንደሆነ ያውቃል።

በዚሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን በሌላ መንገድ የተፈጠሩ አውሬዎች ተሰብስበዋል። ጁዲት ሜሪል የተባለች አሜሪካዊት ደራሲና አርታኢ እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ቶሮንቶ መጣች። በ1970 ወደ 5,000 የሚጠጉ የሳይንሳዊ ልቦለድ መጻሕፍትና መጽሔቶቿን ለከተማው ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሰጠች። ዛሬ በስሟ የሚጠራው የሜሪል ስብስብ የተጀመረው እንዲህ ነው። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የሚኖሩት ፍጡራን ሁሉ የሚታመኑ አይደሉም። የሚታመኑትን ከማይታመኑት የሚለየው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ ይህ እንስሳ ምን ይበላል?

ጥያቄው የዘመናችን ግኝት አይደለም። «ፊዚዮሎጎስ» የተባለውና በጥንት ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝም የተተረጎመው የእንስሳት መጽሐፍ በግሪክኛው ስለ ጉንዳን-አንበሳ ይተርካል። አባቱ አንበሳ፣ እናቱ ጉንዳን ናት። አባት ሥጋ ይበላል፤ እናት እህል ትበላለች። ልጁ በእናቱ ጠባይ ሥጋ መብላት አይችልም፤ በአባቱ ጠባይ እህል መብላት አይችልም። ስለዚህ በረኀብ ይሞታል። ተራኪው ይህን ያነሣው በሁለት ልብ የሚወላውለውን ሰው ለመገሠጽ ነው። ነገር ግን ሳያስበው ስለ ፈጠራ ሥራ አንድ ሕግ ትቶልን አለፈ። ራስና ገላ ማጋጠም ለሥዕል ይበቃል፤ ለኑሮ ግን ሆድም ያስፈልጋል።

ካናዳዊው ደራሲ ሮበርት ጄ. ሶየር ይህን ሕግ ከምግብ ወደ ማኅበራዊ ኑሮ አሻገረው። በ1992 በወጣው «ፋር-ሲር» በተሰኘው ልቦለዱ ውስጥ ያሉት ኩዊንታግሊዮዎች፣ ከምድር ወደ ሌላ ዓለም የተወሰዱ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ዘር ናቸው። አዳኝ እንስሳ ክልሉን አያስደፍርም፤ እነርሱም እርስ በርስ ተጠጋግተው መቆየት ይቸግራቸዋል። ሰላምታቸው፣ መርከብ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ፣ የልጆቻቸው ቁጥር ሳይቀር በዚህ ጠባይ የታሰረ ነው። ሲዋሹ ደግሞ አፈ ሙዛቸው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። አንባቢው የሚያምናቸው ጥርሳቸው ስለተገለጸ አይደለም፤ ከጥርሳቸው ሕግና ወግ ሲበቅል ስለሚያይ ነው።

የቶሮንቶው ፒተር ዋትስ በበኩሉ የባሕር ሥነ ሕይወት ሊቅ ነው። በ2006 ባሳተመው «ብላይንድሳይት» ቫምፓየርን፣ ያንን የቆየ ደም መጣጭ፣ እንደ ተራ አውሬ መረመረው። ለምን ሰው ብቻ ያድናል? ሰውነቱ ሊሠራው የማይችለውን አንድ ፕሮቲን ከሰው ብቻ ስለሚያገኝ ነው። ታዲያ በዝግታ የሚራባው ሰው ለምን አላለቀበትም? ታዳኙ እስኪበዛለት ድረስ ለረዥም ዘመን ስለሚተኛ ነው። መስቀልንስ ለምን ይፈራል? ቀጥ ያሉ መስመሮች በማዕዘን ሲገናኙ ሲያይ አንጎሉ ስለሚታወክ ነው። ዋትስ በመጽሐፉ መጨረሻ የሳይንስ ማስረጃዎቹን ጭምር አያይዟል። ተረቱ እንዳለ ነው፤ የተጨመረበት ምክንያት ብቻ ነው።

ደራሲዎቹ እንዲህ ሲጨነቁ፣ ከዚያው ቤተ መጻሕፍት በእግር በሚደረስበት በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ያሉ ሊቃውንት የተገላቢጦሽ ችግር ነበረባቸው። በእጃቸው ያለው እንስሳ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን አይታመንም። ቻርልስ ዋልኮት በ1909 በካናዳ ምዕራባዊ ተራሮች ላይ ቡርጀስ ሼል የተባለውን የቅሪተ አካል ስፍራ አገኘ። ዕድሜው 508 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ሙዚየሙም በ1975 በዴዝመንድ ኮሊንስ መሪነት በዚያ ሥራ ጀመረ።

ከዚያ ከወጡት ሁሉ ሀሉሲጄኒያ የምትባለው ትንሽ ፍጡር ታስተምራለች። ሳይመን ኮንዌይ ሞሪስ በ1977 ሲገልጻት ሕልም የመሰለ መልኳን በስሟ አስቀመጠው። በእርሱ ሥዕል በሾሉ እሾኾች ላይ ቆማ ትሄድ ነበር፤ በጀርባዋም ለስላሳ ክሮች ይወዛወዙ ነበር። በ1991 ከቻይና የተገኙ ዘመዶቿ ሲጠኑ ሥዕሉ ተገለበጠ። እሾኾቹ የጀርባ መከላከያ፣ ክሮቹም እግሮች ሆነው ተገኙ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2015 ማርቲን ስሚዝና የሙዚየሙ ተመራማሪ ዣን-በርናርድ ካሮን ራስ ተብሎ የቆየው ክብ ነገር ሲበሰብስ ከሆድ የወጣ ፈሳሽ መሆኑን አሳዩ። ትክክለኛው ራስ በሌላኛው ጫፍ ነበር፤ ሁለት ዓይንና ጥርስ ያለው አፍ ይዞ። ስለዚህ አንድ እንስሳ ለዓመታት ላዩ ታች፣ ፊቱ ኋላ ሆኖ ኖሯል። እነዚያ ሊቃውንት ሰነፎች አልነበሩም። የጎደለውን አካል ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በሚያውቁት ነገር ሞሉት።

የልቦለዱና የሙዚየሙ መንገድ አንዳንዴ ይገናኛል። ሶየር በ2000 ባሳተመው «ካልኩሌቲንግ ጎድ» ውስጥ ከሩቅ ዓለም የመጣው ባለ ስምንት እጅና እግር እንግዳ የሚያርፈው በዚሁ ሙዚየም ደጃፍ ነው፤ የሚጠይቀውም የአገር መሪ ሳይሆን የቅሪተ አካል ሊቅ ነው። በ2019 ደግሞ ጆ ሞይሲዩክና ካሮን አዲስ ያገኙትን የባሕር አዳኝ ካምብሮራስተር ፋልካተስ አሉት፤ የራሱ ጋሻ በ«ስታር ዋርስ» ፊልም ያለችውን ሚሌኒየም ፋልከን የተባለች መንኮራኩር ስለመሰላቸው ነው። ስሙ ከፊልም ቢመጣም አካሉ የተነበበው በአመጋገቡ ነው። መንሽ የመሰሉት ጥፍሮቹ የባሕሩን ወለል እየቧጠጡ ምግቡን ከጭቃው ያበጥሩ ነበር።

በአማርኛ አዲስ ዓለም ለመፍጠር የሚያስብ ጸሐፊ ግን ትምህርቱን ለማግኘት የግድ ቶሮንቶ መሄድ የለበትም። የስሜን ተራራን ጭላዳ ይመልከት። ሣር የሚግጥ ዝንጀሮ ነው፤ ቀኑን ቁጭ ብሎ እየነጨ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይውላል፤ ሲመሽ ገደል ላይ ያድራል። ደረቱ ላይ ቀይ ራቁት ቆዳ አለው። ሊቃውንት እንደሚገምቱት ሌሎች ዝንጀሮዎች ከኋላ የሚያሳዩትን ምልክት እርሱ ሁልጊዜ ስለሚቀመጥበት ከፊት ያሳያል። የባሌውን ቀይ ቀበሮም ይመልከት፤ ቀጭንና ረዥም አፉ ፍልፈልና አይጥ ከጉድጓዳቸው ደጃፍ ለመያዝ የተመቸ ነው። የደረቱ ቀለም ከሣሩ፣ የአፉ ቅጥነት ከጉድጓዱ ይመጣል። አገሩን ከላዩ ላይ ቢያነሡት እንስሳው ትርጉም ያጣል።

ለዚህ ነው የሚታመን ፍጡር መፍጠር ከቀንድና ከክንፍ የማይጀምረው። ጀማሪው ከመሬቱ፣ ከውሃው፣ ከብርዱ ይነሣል፤ ማን ማንን እንደሚበላ ይወስናል፤ ቅርጹን የሚሠራው በመጨረሻ ነው። እውነተኛው ተፈጥሮ እንደ ሀሉሲጄኒያ ሳይታመንም ይኖራል፤ ማንንም የማሳመን ዕዳ የለበትም። ደራሲ ግን ዕዳው አለበት፤ አውሬውን ከጉንዳን-አንበሳው ዕጣ የሚያድነውም ለሆዱ ያሰበለት እንደሆነ ነው።