የከሰል ጋዝና ብረታ ብረት፤ የአንድ ትስስር ታሪክ

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሰርቦ፣ እንደ ሌላው የቡና አገር ሁሉ፣ ቡና የሚቈላው በምጣድ ነው፤ እሳቱም ብዙ ጊዜ የከሰል ፍም ነው። ፍሙ ጢሱን ከጨረሰ በኋላ ሰው ሁሉ ያምነዋል። ነገር ግን ጢስ ካለቀ በኋላም ቀለምና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ቤት ያደረ ፍም ሰው የሚገድለው በዚሁ ጋዝ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ ቤርናር በ1850ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ እንደሚወስድ አሳየ። የሚይዘው በደም ውስጥ ያለውን የብረት አቶም ሲሆን፣ አያያዙም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይጠነክራል። ይህን ያህል የሚጠነክረው ስለ ምን ይሆን?

ጥያቄው በፋብሪካ በኩልም መጣ። በ1890 ሉድቪግ ሞንድና ሁለት ባልደረቦቹ፣ ይኸው ጋዝ ከኒኬል ጋር ተዋሕዶ ያን ከባድ ማዕድን ወደ ተን እንደሚለውጠው አስታወቁ። ኋላም ላንግሚዩር ጋዞች በብረታ ብረት ገጽ ላይ በአንድ ሞለኪውል ውፍረት እንደሚነጠፉ አስረዳ፤ በ1932 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የኤሌክትሮኖቹ አሠራር ግን ገና አልተገለጠም ነበር።

መንገዱን የከፈተው የሞለኪውሉ መርገብገብ ነው። ካርቦኑና ኦክስጅኑ በመካከላቸው ሞላ እንዳለ ያህል ይሳሳባሉ፣ ይራራቃሉም። ሞላው ሲላላ መርገብገቡ ይዘገያል። በ1954 አይሸንስና ጓደኞቹ ይህን በኢንፍራሬድ ብርሃን ለኩ። ነጻ ሆኖ ሳለ በሴንቲ ሜትር 2143 ሞገድ የሚቈጠርለት ሞለኪውል፣ በብረታ ብረት ላይ ሲያርፍ ቍጥሩ ይወርዳል፤ በሁለት የፕላቲን አቶሞች መካከል ድልድይ ሲሆን ወደ 1850 ይደርሳል።

በ1964 ብላይሆልደር ምክንያቱን አስረዳ። ነገሩ ብድር እንደ መመለስ ያለ ነው። ሞለኪውሉ በካርቦኑ በኩል ኤሌክትሮኖች ለብረቱ ያበድራል፤ ብረቱም ከራሱ ኤሌክትሮኖች ይመልስለታል። የተመለሱት ግን የሚገቡት የካርቦንንና የኦክስጅንን ማሰሪያ በሚያላላ ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ ከብረቱ ጋር ያለው ትስስር ሲጠብቅ የውስጡ ይላላል። በደም ውስጥ ያለው ብረትም በዚሁ ሕግ ይሠራል፤ በእኔ አስተያየት የዚህ ሐሳብ ትልቅነት ምድጃውንና ፋብሪካውን በአንድ ማስረዳቱ ነው።

በዚያው በ1964 ሆሄንበርግና ኮን በኤሌክትሮኖች ጥግግት ላይ የቆመውን ስሌት መሠረቱ። ኮምፒዩተር ሲበረታ ትስስሩንም መርገብገቡንም በቍጥር መተንበይ ተቻለ። ሆኖም በ2001 ፋይበልማንና ባልደረቦቹ አንድ እንቆቅልሽ ይፋ አወጡ፦ ስሌቱ ሞለኪውሉ በሦስት የፕላቲን አቶሞች መካከል ባለው ጎድጓዳ እንዲቀመጥ ይፈርዳል፤ የላቦራቶሪው ልኬት ግን በአንዱ አቶም አናት ላይ መቀመጡን ያሳያል። ስሌቱ የሚመለሰውን ብድር አብዝቶ ቈጥሮት ኖሮአል።

ይህ ለእኛ ተራ ወሬ አይደለም። በ2018 የአፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎች ይህን የስሌት ጥበብ የሚማሩበት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደርጎአል። ለስሌቱ ኮምፒዩተር ይበቃዋል፤ ገጽን የሚመረምረው የቫክዩም መሣሪያ ግን እጅግ ውድ ነው። የ2001ዱን ስሕተት ያጋለጠው ደግሞ ይኸው ውድ መሣሪያ ነበረ።